ከሎስ አንጀለስ ሲድኒ፦ ርቀቱ ያው፣ ሰዓቱ የተለያየ

ሰላም እህቴ። «ከሎስ አንጀለስ ሲድኒ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው የአውሮፕላን ፍጥነት ሳካፍለው 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይመጣል። ትኬቱ ግን መሄጃውን 15፣ መመለሻውን 13 ሰዓት ተኩል ይላል። እናቴን ይዤ ስለምሄድ የቱን ልያዝ?» ብለሻል። መስመሩን ደርሶ መልስ ስለበረርኩበት የማውቀውን ልንገርሽ። ትኬቱን ያዢ።

ኪሎ ሜትሩን አልተሳሳትሽም። ሂሳብሽ ውስጥ የጎደለው ነፋሱ ነው። አውሮፕላን 900 የሚሄደው ከከበበው አየር አንጻር ነው፤ አየሩ ራሱ ደግሞ ይጓዛል። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ ሲድኒ ስትሄዱ ከፊት ይጋፈጣችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል። እኔ ስሄድ መቀመጫው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ፍጥነቱ 830 አካባቢ ሆኖ ለሰዓታት ቆየ፤ ስመለስ ከ1,000 በላይ ሲያሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ነፋሱ ምን ያህል እንደሚያግዝ ለማየት፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በማዕበል የበረታው ይኸው ነፋስ ከኋላ እየገፋው ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። በአዘቦቱ ወደ 7 ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው።

በዚያ ላይ ትኬቱ የሚቆጥረው አየር ላይ ያለውን ጊዜ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከበሩ ከተነሳበት፣ መንደርደሪያው ጋ ተራ ከሚጠብቅበት ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ድረስ ያለው ሁሉ ይገባበታል።

ከሰዓቱ ይልቅ እኔን የጎዳኝ ቀኑ ነው። ሰኞ ማታ ስለምነሳ ማክሰኞ ጠዋት እገባለሁ ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ኤርፖርት ሲጠብቀኝ ቆይቶ «የት ደረስክ?» ብሎ ሲደውል እኔ ገና ቤት ሆኜ ሻንጣ እየዘጋሁ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል። በረራው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለውን ዓለም አቀፍ የቀን መለወጫ መስመር ስለሚያቋርጥ ሰኞ ማታ የተነሳ ሲድኒ የሚገባው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሲመለሱ ደግሞ ረቡዕ ረፋድ ተነስተው ሎስ አንጀለስ የሚደርሱት በዚያው ረቡዕ ማለዳ ነው። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነትም እንደ ወቅቱ ከ17 እስከ 19 ሰዓት ይለዋወጣል፤ ሁለቱም ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞሩት በተለያየ ጊዜ ነውና። ስለዚህ የመነሻና የመድረሻውን ሰዓት ወደ ዩቲሲ (የሁሉም አገር ሰዓት የሚለካበት የጋራ ሰዓት) ለውጠሽ ቀንሺ፤ ትክክለኛውን የጉዞ ጊዜ የምታገኚው እንደዚያ ነው። ለሚቀበላችሁ ሰው ግን ትኬቱ ላይ ያለውን የመድረሻ ቀን እንዳለ ላኪለት።

እናትሽ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ካላቸው ይህ ነገር በቀጥታ ይነካቸዋል። ስልክሽ ሲድኒ ስትደርሱ ሰዓቱን በራሱ ይቀይራል፣ የሰውነታቸው ሰዓት ግን አይቀየርም። አንድ የእጅ ሰዓት በመነሻው ሰዓት እንዳለ ተዪውና ከመጨረሻው ክኒን ስንት ሰዓት እንዳለፈ በእሱ ቁጠሪ፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ወደ አዲሱ ሰዓት እንደሚሸጋገሩ ሐኪማቸውን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቂ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ዊልቸር ካስፈለጋቸው ቀድመሽ አስመዝግቢ፤ መቀመጫቸውም መተላለፊያው ጋ ይሁን፣ በ15 ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ተነስተው እግራቸውን ማፍታታት አለባቸው።