ተዋናይ ቃሉን ከረሳ ምን ይቀረዋል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ንግግር የሌለው ቴአትር እያዘጋጁ ነው፣ ፊዚካል ቴአትር የሚባለውን፣ ስለ ፍቅርና ስለ ትዝታ፣ ሲያልቅ በየክልል ከተማው ይዘውት ሊዞሩ። ልምምዳቸውን አይቼ ልወጣ ስል በር ላይ ያዘችኝና "ጋሼ፣ ተዋናይ ቃሉን ከረሳ ምን ይቀረዋል?" አለችኝ። የሆነ ነገር መለስኩላት ግን መልስ አልነበረም፣ ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለሷም ለናንተም ልፃፈው።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው፣ እኔ የ34 አመት አዘጋጅ ነኝ። አንድ ቴአትር ይዘን በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ወጣን፣ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ወልዲያ። ሽማግሌውን ሆነው የሚጫወቱት በእድሜም በሙያም የሁላችንም ታላቅ ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ልጆቻቸው አሉ። ባለቤታቸው አብረውን ተሳፍረው ነበር። ለጉዞው ሰው በዛ ብዬ ደስ አላለኝም ነበር፣ እሳቸው ግን እኛ ያላወቅነውን አውቀው ነው የመጡት።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። የዛን አካባቢ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በቀን መብራት አብርተህ ነው የምትሄደው፣ ዋሻው አፍ ላይ እስክትደርስ ዋሻው አይታይም። ሽማግሌው "የት ነው የምንሄደው?" ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ፣ ሚስታቸውም ሦስቴ ገና አሁን እንደተጠየቁ አድርገው መለሱላቸው። እኛ ከኋላ እየዘፈንን ነበር።

ከዛ በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ቃል ጠፍቶባቸው ነበር። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ዘለው አብራቸው የምትጫወተዋን ልጅ መድረክ ላይ አደረቋት።

ቴአትሩ ውስጥ አንድ ንግግር የሌለው ቦታ ነበር፣ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሽማግሌው ማታ ቤቱ ይገባል፣ ደፉ ላይ የጫማውን ጭቃ ያራግፋል፣ ከዛ ኮፍያውን ሳያወልቅ ቀጥታ ሚስቱ ጋ ሄዶ በእጁ ጀርባ ግንባሯን ይዳስሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዛ ነው ኮፍያውን የሚያወልቀው። ይሄን እኔ አላዘጋጀሁትም፣ ልምምድ ላይ እሳቸው ራሳቸው ይዘውት የመጡት ነው። አንድም ቀን አልተሳሳቱበትም። ኮምቦልቻ ላይ ያን ሁሉ ቃል በዘለሉበት ማታ እንኳን እዚህ ጋ ሲደርሱ አዳራሹ ፀጥ አለ። እኔ ግን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጠፋውን ቃል እቆጥራለሁ።

ለምን ብትሉ እኛ የተማርነው ቴአትር ማለት ቃል ማለት ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊመጣ ሲል ሲቋቋም እኮ ህዝቡን በንግግርና በመዝሙር ለመቀስቀስ ነው፣ ከዛ በኋላም መድረካችን ላይ የነገሰው ግጥሙና ቃለ ተውኔቱ ነው፣ ገላ ቃሉን ተሸክሞ የሚቆም ነገር ነበር የሚመስለኝ።

ደሴ ላይ ጠዋት ሆቴሉ ግቢ ውስጥ "ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ" አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ቦታውን ለ26 አመት ልጅ ሰጠሁት፣ ቃሉን በሙሉ ያውቀዋል። ከዛ የማይረሳኝን ነገር አደረግኩ፣ የግንባሩን ነገር ለልጁ እንዲያሳዩት ጠየቅኳቸው። እዛው ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳዩት፣ የገዛ ሚስታቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ የልጁን እጅ ይዘው "በመዳፍህ አይደለም፣ በጀርባው" እያሉ። ከዛ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ሁለቱንም ሸኘኋቸው።

የዛን ማታ አንድም ቃል አልጠፋም፣ ጭብጨባውም ከወትሮው በለጠ፣ እኔም ተደሰትኩ። ወልዲያ ላይ ልጁ ኮፍያውን አስቀድሞ አወለቀና ከዛ ግንባሯን ነካ። ማንም አላወቀም። እኔም ምንም አላልኩትም፣ ለውጡ አልታየኝማ።

ከስድስት አመት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ስድስት አመት! እዚሁ አዲስ አበባ ነው እኮ የሚኖሩት። አላወቁኝም። የሚስታቸውንም ስም አያውቁም፣ "እሜቴ" ነው የሚሏቸው፣ እንደ እንግዳ ሰው። ቡና ተፈልቶ ባለቤታቸው ቁጭ እንዳሉ ሽማግሌው ተነሱና ሄደው በእጃቸው ጀርባ የሚስታቸውን ግንባር ዳሰሱ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ስኒውን ይዤ ቀረሁ። "ወባ ነው" አሉኝ እትዬ። አርባ ምንጭ ይኖሩ በነበረ ጊዜ እትዬን ወባ ጥሏቸው ለሞት ደርሰው ነበር፣ ከዛ ወዲህ ሽማግሌው ማታ ከስራ ሲገቡ ከሁሉ በፊት የሚስታቸውን ትኩሳት ነው የሚያዩት። "ማን እንደሆንኩ ጠፍቷቸዋል፣ ትኩሳቴን ግን ያያሉ" አሉኝ።

ደሴ ላይ ለልጁ ያሰጠሁት ይሄንን ነበር።

ኋላ ለንደን የእህቴ ልጅ ጋ ሄጄ አንድ ቴአትር አሳየችኝ፣ ቴአትር ሪ የሚባል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ጀምሮት በብዙ አገር ያዞረው፣ "ዘ ኔቸር ኦፍ ፎርጌቲንግ" ይባላል። ገና በጉልምስናው የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ለ55ኛ አመት ልደቱ ልብሱን ሊለብስ ይታገላል፣ በቃ ይሄው ነው፣ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ልብስ የተሰቀለበት ብረት፣ የተማሪ ዴስክ፣ እዛው የሚጫወት ሙዚቃ፣ ትዝታው መጥቶ መሀል ላይ ይበጠስበታል። ሲሰሩት የአእምሮ ሳይንቲስት አማክረዋል። ሐኪሞቹም የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ አልዛይመር በብዛት ቀድሞ የሚጎዳው ሂፖካምፐስ የሚባለውን አዲስ ትዝታ የሚያዝበትን ቦታ ነው፣ እጅና እግር ለአመታት የለመዱት ግን የሚያዘው ሌላ ቦታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እኔ አንድ ሰአት ከምናምን ሙሉ ደሴ ነበርኩ።

ልጄ፣ አንቺና ጓደኞችሽ ልምምዱን በስልክ ትቀርፁና ቪዲዮውን እያያችሁ ትደግሙታላችሁ። አልወደድኩትም። ከስልክ የተቀዳ እንቅስቃሴ ያው የወልዲያው ልጅ ነው፣ ኮፍያው ለምን እንደሚቆይ አያውቅም። እናታችሁ በር ስትዘጋ እጇን የት እንደምታደርግ እዩ፣ አባታችሁ ዳቦ ሲቆርስ ለማን እንደሚያስቀድም እዩ። ግን ደግሞ ቃል ያለበት ስራ ስትይዙ እስከ አራት ነጥቡ አጥኑ፣ በዚህ ላይ ዛሬም አልለወጥም፣ ቃል የሚያዘላብድ ተዋናይ አሁንም ያናድደኛል።

ልጄ፣ ያንቺ ቴአትር ላይ ባልየው ሚስቱን የሚያቅፍበት ቦታ ጥሩ ነው ግን የማንም ሰው እቅፍ ነው። ልጁን ከማን እንዳየው ጠይቂው። ደሴ የምትገቡበትን ቀን ደግሞ ንገሪኝ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ በአውቶቡስ እመጣለሁ።