በየሰዓቱ «ይጮሃል» እያልሽ አትጻፊ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። አዘዞ ወፍጮ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩንም ደንበኛውንም የማየው እኔው ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለቱም ጆሮዬ ጥዝዝ እያለ ይጮሃል። ቀን ሥራ ላይ ብዙም አይታወቀኝም። ጉዱ ማታ መብራት ሳጠፋ ነው። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን እንቅልፍ ይወስደኛል። ክሊኒክ ሄጄ ጆሮዬን በመብራት አዩና «ንጹህ ነው፣ ምንም የለብሽም» ብለው ሸኙኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ሰው እያማሽ ነው» ትላለች፤ ዓመት ሙሉ ሳይታክተው የሚያማኝ ማን ነው? የእህቴ ልጅ በየቀኑ ማስታወሻ ያዢ ብላኝ ደብተር ገዝቼ ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። «12 ሰዓት፣ ይጮሃል። 1 ሰዓት፣ ይጮሃል። 2 ሰዓት፣ የቀነሰ መሰለኝ። 3 ሰዓት፣ ይጮሃል።» እውነቱን ልንገርሽ፣ ባሰብኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?
ባለወፍጮዋ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተርሽን ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። የእኔም ጆሮ ይጮሃል፣ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። የመጀመሪያው ደብተሬ ያንቺ መንትያ ነበር፤ እንዲያውም እኔ ሌሊት ስባንን የስልኬን መብራት አብርቼ እጽፍ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። የምነግርሽ ያነበብኩትን፣ ሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትንና በራሴ ያየሁትን ነው።

ደብተሩን አትተይው። አጻጻፉን ግን ዛሬውኑ ለውጪ።

ለምን እንደባሰብሽ ከወፍጮ ቤትሽ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አዲስ ደንበኛ ሲገባ በሞተሩ ጩኸት ጆሮውን ይይዛል፣ አንቺ ግን ሞተሩን ከነጭራሹ ረስተሽው ሒሳብ ትሠሪያለሽ። ቺንጋው ሲንሸራተት ወይም ድንጋዩ ያለ እህል ሲዞር ግን ጓሮ ብትሆኚም ትሮጫለሽ። አእምሮ እንዲህ ነው። «አያሳስብም» ያለውን ድምፅ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ «ይህን ጠብቅ» የተባለውን ያጎላዋል። በየሰዓቱ እስክሪብቶ ይዘሽ «አለ ወይስ የለም?» ስትይ ዘበኛ ቀጠርሽበት ማለት ነው። ዘበኛ ደግሞ ኮሽ ባለ ቁጥር ይነቃል።

ስለዚህ በቀን አንዴ ብቻ ጻፊ፣ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ወፍጮውን ዘግተሽ፣ እራት ሳይቀርብ ቢሆን ጥሩ ነው። አልጋ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። መጀመሪያ ሁለት ቁጥር አስፍሪ፣ ሁለቱም ከ0 እስከ 10። አንደኛው ዛሬ ምን ያህል ጮኸ? ሁለተኛው ዛሬ ምን ያህል አስቸገረኝ? ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንድ አይደሉም። እኔ ከተራ ዕለት ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ካለ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሜ አመሸሁና (ጥፋቱ የራሴ ነው) ማግስቱን ጩኸቱ 8 ነበር። ችግሩ ግን 2። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ማን ጆሮውን ያዳምጣል? ሌላ ቀን ደግሞ ጩኸቱ 4 ሆኖ ችግሩ 9 የደረሰበት አለ፤ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ያደርንበት ሌሊት ነበር። እኔን ያዳነኝ ይህ ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ላይቀንስ ይችላል። ሁለተኛው ይወርዳል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ኃይለኛ ድምፅ አጠገብ ስንት ሰዓት እንደቆየሽና ጆሮሽን ሸፍነሽ እንደነበር፣ የወሰድሽው መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፊ። መድኃኒቱን የምልሽ በምክንያት ነው። አስፕሪን በብዛት ሲወሰድ፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን፣ እንደ ጀንታማይሲን ያሉ መርፌዎች፣ ሽንት የሚያስወጣው ፉሮሰማይድ ጆሮን ሊያስጮሁ ይችላሉ። ካየሽበት ለሐኪሙ አሳዪ እንጂ በራስሽ እንዳታቋርጪ።

በመጨረሻ አንዲት መስመር ለሐሳብሽ ተይላት። ጩኸቱ ሲመጣ ምን አልሽ? «ልደነቁር ነው»? «ሊያሳብደኝ ነው»? እንዳለ ጻፊው። ከሥሩ ደግሞ መልስ ስጪው። «ባለፈው ማክሰኞም ሊያሳብደኝ ነው ብዬ ነበር፤ ረቡዕ ተነስቼ የሰዉን ጤፍ ፈጨሁ።» ጨዋታ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጩኸቱን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ጭንቀቱን በመቀነስ በኩል ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው፣ ሐሳብንና ልማድን በንግግር የሚያርመው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ይህች መስመር የእሱ ትንሿ ቁራጭ ናት። ከአቅም በላይ ሆኖ መኖር እስከማስጠላት ከደረሰ ግን ለደብተር ሳይሆን ለሰው ተናገሪ፣ ያኔውኑ።

በየቀኑ ወደ ኋላ እየገለጥሽ አታንብቢ። ሦስት ሳምንት ሲሞላ አንዴ ቁጭ ብለሽ እዪው። ደግሞ አንድ ክፉ ቀን ስላጋጠመ ሽሮውን ወይም ቡናውን አትክሰሺ። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ነው ነገር የሚሆነው።

«ምንም የለብሽም» ስላሉሽ ደግሞ። በመብራት የሚታየው የጆሮ ቀዳዳና ታምቡሩ ነው። ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ደቃቃ የፀጉር ሴሎች የውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ናቸው፣ በመብራት አይታዩም። ጩኸት ሲበዛባቸው ይጎዳሉ፣ ከሞቱም አይተኩም። ያኔ ወደ አእምሮ የሚደርሰው ድምፅ ይቀንሳል፣ አእምሮም እንደ ራዲዮ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ጥዝዝታው ከዚያ ነው የሚመጣ ይላሉ። ስለዚህ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂና በመሣሪያ የሚደረገውን የመስማት ምርመራ ጠይቂ። ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ፣ ለሐኪሙ ሥራ ያቀልለታል።

ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ቢሆን፣ ከልብ ምት ጋር ድው ድው ቢል፣ ማዞር ወይም ፈሳሽ ቢኖረው ቀጠሮውን አታዘግዪ። ጆሮሽ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ በዚያው ቀን ሂጂ። የጤና አዳም ጭማቂ፣ የሞቀ ዘይት፣ የክብሪት እንጨት፤ ሦስቱም ጆሮሽ ውስጥ አይግቡ።

ወፍጮው ላይ ጆሮሽን ሸፍኚ። ክንድ በሚደርስበት ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ከጮኽሽ ድምፁ ጎጂ ነው። ለሥራ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልክ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ 4 ሰዓት ማለት ነው። ጥጥ መወተፍ አይበቃም። ለሥራው የተሠራ የስፖንጅ መድፈኛ ወይም ከላይ የሚደፋውን ፈልጊ። ቤት ስትገቢ ግን አውልቂው፤ ጸጥታ ይህንን ድምፅ ያጎላዋል።

መፍትሔውን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ! ዝናብ ሲዘንብ ትተኛለሽ። በጋ ላይ ዝናብ የለም፣ ራዲዮ ግን አለ። ዝቅ አድርገሽ ክፈቺው፣ ጥዝዝታውን ለመሸፈን ሳይሆን ጨለማው ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን ያህል። ቬንትሌተር ካለሽም ይሆናል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራውን ራዲዮ አዘጋጂ፣ ጎንደር ነን።

ጥያቄ፦ እኔም ጆሮዬ ይጮሃል፣ ቡና ተው ተብያለሁ። እውነት ነው?
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ቡና ጆሮ ያስጮሃል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። በአንድ ቀን ብታቆመው ራስ ምታቱ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ራሴ ለሁለት ወር ትቼው ደብተሬ ላይ ምንም ለውጥ አላየሁም፣ እናቴን ብቻ አስቀየምኩ። እንቅልፍህን የሚነሳህ ከሆነ የማታውን ተው፣ የቀኑን ከአቦል እስከ በረካ ጠጣ። ይልቅ ኢርፎንህን ስንት ላይ ነው የምትከፍተው? እሱን ለሁለት ሳምንት መዝግብና ጻፍልኝ።