ራያን ሊፍ፦ ከፔይተን ማኒንግ ጋር በአንድ ሚዛን የተቀመጠው ልጅ

ራያን ሊፍ የአሜሪካን ፉትቦል (ሞላላ ኳስ በእጅ እየወረወሩና ይዘው እየሮጡ የሚጫወቱት ጨዋታ) ኳርተርባክ ነበር፤ በ1998ቱ ድራፍት ከሌላው ኳርተርባክ ከፔይተን ማኒንግ ጋር እኩል ይታይ ነበር። ስለ እርሱ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑት ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ድራፍት የምትሉት ምንድን ነው? ኳርተርባክስ?

መልስ፦ ድራፍት የፕሮፌሽናል ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየዓመቱ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ ደካማው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል። ኳርተርባክ ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሱንም የሚወረውረው ተጫዋች ነው።

ጥያቄ፦ ኮሌጅ እያለ እውነት ጎበዝ ነበር ወይስ ጋዜጦች አጋነኑት?

መልስ፦ ጎበዝ ነበር፤ ይህንን የሚክድ ጨዋታውን አላየም። የሞንታናው ልጅ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲን ከ67 ዓመት በኋላ ሮዝ ቦውል ለተባለው ታላቅ የኮሌጅ ጨዋታ አበቃው። በጥር 1 ቀን 1998 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ 21 ለ 16 ሲያሸንፋቸው፣ ሊፍ ሰዓቱን ለማስቆም ኳሱን መሬት ላይ አፈረጠው፤ ዳኞቹ ግን ጊዜው አልቋል አሉ። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ለሚሰጠው የሃይስማን ሽልማትም ከቻርልስ ውድሰንና ከማኒንግ ቀጥሎ ሦስተኛ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ በድራፍቱ የወሰደው የሳን ዲዬጎ ክለብ ምን ያህል ከፈለበት?

መልስ፦ ሦስተኛ ተራ ነበረውና ሁለተኛ ለመሆን ብቻ ለአሪዞና ክለብ ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫ፣ አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫና ሁለት ተጫዋቾች ሰጠ። ለልጁ ደግሞ የአራት ዓመት፣ 31.25 ሚሊዮን ዶላር ውል። የኢንዲያናፖሊስ ክለብ በመጀመሪያው ተራ ማኒንግን ወስዶ ነበር።

ጥያቄ፦ ነገሩ የተበላሸው መቼ ነው?

መልስ፦ በ1998ቱ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ሳምንት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፏል። ከዚያ ከካንሳስ ሲቲ ጋር፣ በዝናብ። 15 ጊዜ ወርውሮ አንዷን ብቻ የቡድን ጓደኛው ያዘለት፤ ያቺም 4 ያርድ (ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል)። በማግስቱ መልበሻ ክፍል ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ ላይ ሲጮህ ካሜራ ቀረጸው፤ ፊልሙ ዓመቱን ሙሉ ሲደጋገም ከረመ። የውድድር ዘመኑን በ2 ተችዳውን (ኳሱን የተቃራኒው ሜዳ መጨረሻ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) እና ተቃራኒ በቀማቸው 15 ኳሶች ጨረሰ። 1999ን በትከሻ ጉዳት ሳይጫወት አሳለፈ። በ2000 ክለቡ ከ16 ጨዋታ አንድ ብቻ ነው ያሸነፈው።

ጥያቄ፦ ማኒንግ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሌላ ሰው ነበር፤ ምን ያነጻጽራቸዋል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማኒንግ በ1998 ዓ.ም. 28 ኳሶች ተቀምቶበታል፤ ከሊፍ ይበልጣል! ክለቡም 3 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኢንዲያናፖሊስ አሠልጣኙን ጂም ሞራንና የማጥቃቱን ኃላፊ ቶም ሙርን አቆይቶ ልጁ ከስህተቱ እንዲማር ፋታ ሰጠው። ሳን ዲዬጎ ግን አሠልጣኙን ኬቨን ጊልብራይድን በስድስተኛው ጨዋታ ማግስት አሰናበተ፤ በ1999 ደግሞ ሌላ አሠልጣኝ መጣ። ሊፍን ነጻ እያወጣሁት አይደለም፤ ጠባዩ ከባድ ነበር፣ እርሱም በኋላ ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን የ22 ዓመት ቁጡ ልጅ ቤቱ በሚናጥ ክለብ ውስጥ ይበርዳል ብሎ መጠበቅ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ሌላ ቦታ አልሞከረም?

መልስ፦ ታምፓ ቤይ፣ ዳላስ፣ ሲያትል። በ2002 በ26 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። በጠቅላላ 14 ተችዳውን፣ 36 የተቀሙ ኳሶች።

ጥያቄ፦ ታስሮ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የሕመም ማስታገሻ ሱስ ይዞት በ2012 ሞንታና ውስጥ ታሰረ፤ በ2014 መጨረሻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሱስ በይፋ እየተናገረ፣ ጨዋታም እየተነተነ ይኖራል።

ጥያቄ፦ አሪዞናስ ከልውውጡ ተጠቀመ?

መልስ፦ ግማሽ በግማሽ። በሦስተኛው ተራ የወሰደው አንድሬ ዋድስዎርዝ ጉልበቱ ከሦስት የውድድር ዘመን በላይ አላጫወተውም። በ1999 በሳን ዲዬጎ ተራ የወሰደው ዴቪድ ቦስተን ግን በ2001 ኳስ ተቀብሎ በመሮጥ 1,598 ያርድ አስመዝግቦ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ።