«ሆዴን አመመኝ» የሚል ልጅ ምን እያለ ነው? ስለ ተማሪ ልጆች ደኅንነት ጥያቄና መልስ

በትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ወላጅ የልጁን ግማሽ ቀን ያያል፣ መምህር ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያያል፤ ሁለቱ ካልተነጋገሩ ልጁን በሙሉ የሚያየው ሰው አይኖርም። ከወላጆችና ከመምህራን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች ለመመለስ እሞክራለሁ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» እያለ ማልቀስ ጀምሯል። ቅዳሜና እሁድ ግን ምንም አይለውም። እያታለለኝ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አያታልልዎትም። ልጅ ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል፤ በዚህም ምክንያት ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ደሙ ከሆድ ዕቃው ይልቅ ወደ ጡንቻው ያደላል፣ የአንጀቱ እንቅስቃሴም ይዛባል። ስለዚህ መነሻው ፍርሃት ቢሆንም ሕመሙ የእውነት ሕመም ነው፤ «ውሸትህን ነው» የተባለ ልጅ ሕመሙ አይቀርለትም፣ መናገሩን ግን ይተዋል። አስቀድመው ሐኪም ያሳዩት፤ በተለይ ትኩሳት፣ ትውከት፣ የክብደት መቀነስ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ በፍርሃት ብቻ ማመካኘት ተገቢ አይደለም።

ሐኪሙ ምንም የለበትም ካለዎት አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙና ሕመሙ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ይመዝግቡ። አንዲት እናት እንዲህ ያለ ደብተር ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ ገጹን ስንመለከት የልጁ ሕመም ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ብቻ ተደርድሯል። ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ጋር ስናስተያየው በሁለቱም ቀናት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በየተራ እየቆሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡበት ሆኖ ተገኘ። ልጁ ለካ አንድ ቀን አንድ ቃል ተሳስቶ ክፍሉ በሙሉ ስቆበት ኖሯል። መምህርቱ ይህን ስትሰማ የሚያነበውን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ትሰጠው ጀመር፤ ማታ ከእናቱ ጋር እየተለማመደ መጣ፤ በመጀመሪያ ተቀምጦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ አነበበ፣ ቆይቶም እንደ ሌሎቹ ቆሞ አነበበ። ከዚያ በኋላ እናቱ በደብተሩ ላይ የምትጽፈው ነገር አጣች።

ሐኪም እቤት ይቆይ ካላለ በስተቀር ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረቱን አልመክርም። ልጅ ከሚፈራው ነገር በቀረ ቁጥር ለዚያች ጠዋት እፎይ ይላል፤ ያ እፎይታ ግን ፍርሃቱን ስለሚያጸናው በማግስቱ መሄዱ ይብስ ይከብደዋል። ለሳምንታት የቀረ ልጅ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሙሉ ቀን እንዲውል ከማስገደድ ይልቅ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምቶ ከሚቀለው ክፍለ ጊዜ መጀመርና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጨመር ይሻላል። በር ላይ የሚቀበለው የሚያውቀው ሰው ይኑር፤ ስንብቱም አጭር ይሁን፤ ወላጅ በር ላይ ሲያመነታ ልጁ «እውነትም የሚያስፈራ ነገር አለ» ብሎ ይረዳዋልና።

ጥያቄ፦ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደኅና» ከማለት በቀር ምንም አይነግረኝም። እንዴት ላናግረው?

መልስ፦ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ቀኑን ሙሉም ሲጠየቅ ውሏል። መጀመሪያ ይብላ፣ ይረፍ። ብዙ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠየቁ ይዘጋሉ፤ ጎን ለጎን ሆነው ዕቃ ሲያጥቡ፣ ልብስ ሲያጥፉ ወይም መንገድ ሲሄዱ ግን ሳይጠየቁም ይናገራሉ። ጥያቄውም ጠበብ ይበል፤ «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትክ?» የሚለው ከ«እንዴት ዋልክ?» ይልቅ የሚመለስ ጥያቄ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መናገር ሲጀምር ቶሎ ወደ ምክር ወይም ወደ ቁጣ አይሂዱ። «ታዲያ አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ወሬ ገና ሳይጀመር ያስቆመ ጥያቄ ነው። «በጣም አናዶህ ነበር ማለት ነው» ብሎ ዝም ማለት በቂ ነው፤ ቀጣዩን እሱ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄን ጓደኞቿ ከጨዋታ ያገልሏታል፤ በስልክ በከፈቱት የመልእክት ቡድን ውስጥም ይሳለቁባታል። «ለትምህርት ቤቱ ብትናገሪ አላናግርሽም» ብላኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በልጆች መካከል ጠብና መታረቅ ያለ ነገር ስለሆነ በመጀመሪያ የጉልበተኝነት ጥቃት መሆን አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠሩት ተመራማሪ ዳን ኦልዌውስ ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳሉ፦ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚፈጸም መሆኑ፣ መደጋገሙ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከልም የአቅም መበላለጥ መኖሩ። የአቅም መበላለጥ ሲባል የጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ሆኖ በአንድ ልጅ ላይ መነሣትም አቅም ነው። እርስዎ የገለጹት ሦስቱንም ያሟላል፤ ስለዚህ «የልጆች ነገር ነው፣ ያልፋል» ተብሎ የሚተው አይደለም።

ምስጢሩን እጠብቃለሁ ብለው ቃል አይግቡላት፤ ይልቁንም የምትፈራው ምን እንደሆነ ይጠይቋት። ብዙውን ጊዜ የሚፈሩት መምህሩ በክፍሉ ፊት ስማቸውን ጠርቶ ሲናገር፣ ከዚያም ጥቃቱ ብሶ ሲመጣ ነው። ይህ ፍርሃት ደግሞ እውነት አለው። ስለዚህ ለማን እንደሚነገር፣ ምን እንደሚነገር፣ ምን እንደማይነገር ከእሷ ጋር ይወስኑ። የስልኩን መልእክት አያጥፉ፤ ፎቶ አንሥተው ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። ለክፍል ኃላፊ መምህሯ ሲያመለክቱም «ልጄን ያስቸግሯታል» ከማለት ይልቅ የትኛው ቀን፣ የት ቦታ፣ ምን እንደተባለ ያስረዱ፤ ትምህርት ቤቱ ምን ለማድረግ እንዳሰበና መልሳችሁ መቼ እንደምትገናኙም ሳይወስኑ አይመለሱ።

ሁለት ነገሮችን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንደኛው ተበዳይዋንና በዳዮቿን ፊት ለፊት አቁሞ «ታረቁ» ማለት ነው፤ ዕርቅ በእኩዮች መካከል ለተፈጠረ ጠብ ያገለግላል፣ የምትፈራ ልጅ ግን በሚያስፈሯት ፊት እውነቱን አትናገርም። ሁለተኛው «አንቺም መልሰሽ ምቺ» የሚለው ምክር ነው፤ ማድረግ ሲያቅታት ሁለተኛ ሽንፈት ይሆንባታል። በአንጻሩ አንድ የምትቀመጥበት ቦታ የምትይዝላት ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት አብራት የምትሄድ አንዲት ጓደኛ ማግኘቷ ሸክሟን በእጅጉ ያቀልላታል፤ መምህር ይህን በቡድን ሥራ ድልድል ሳይታወቅበት ሊያመቻች ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ሌሎችን የሚያጠቃው የእኔ ልጅ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ አባት ነበር። ይህን ለመጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል። ልጅዎን አይምቱት፤ ጉልበት ያለው ደካማውን ቢመታ ምንም አይደለም የሚለውን ትምህርት ነው የሚያጸኑበት። ድርጊቱን በግልጽ ያውግዙ፣ ያበላሸውን የሚክስበትን መንገድ ይፈልጉለት፣ እሱስ ከማን እየተቀበለ እንደሆነ ያጣሩ።

ጥያቄ (ከመምህር)፦ ክፍሌ ውስጥ ተማሪዎቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም መከታተል አልችልም። ማንን ልይ?

መልስ፦ የተለወጠውን ይዩ። የሚረብሸው ልጅ ራሱን ያሳያል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይስቅ የነበረና ዝም ያለው፣ እጁን ያወጣ የነበረና የተወው፣ በእረፍት ሰዓት ከክፍል መውጣት ያቆመው ነው። ለውጡ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ ለወላጁ ይንገሩት፤ ሲናገሩም በበጎው ይጀምሩ፣ ትምህርት ቤት በጠራው ቁጥር ክስ ብቻ የሚሰማ ወላጅ መምጣቱን ይተዋልና።

ልጅን «ሰነፍ» ወይም «የማይሰማ» ከማለት በፊት ደግሞ ዐይኑና ጆሮው ይመርመር። ሰሌዳው ደብዝዞ የሚታየው ልጅ ሌላው ሁሉ እንደዚያ የሚያየው ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይናገርም። ዐይኑን የሚያጠብብ፣ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ፣ ሲጠሩት ከኋላ የማይሰማ ልጅ ካለ ወደ ፊት አምጥተው አስቀምጠው ልዩነቱን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም፤ መምህሩ ትኩረት የማጣት ችግር ሳይኖርበት አይቀርም አለኝ። እውነት ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ለውሳኔውም ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ እቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው። በአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚቅበጠበጥ ልጅ ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት ያ ክፍለ ጊዜ ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅም እንደ ትልቅ ሰው ከመፍዘዝ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ እኩለ ሌሊት ድረስ ስልክ ይዛ ታመሻለች፤ ጠዋት ደግሞ በግድ ነው የምትነሣው። ምን ያህል መተኛት አለባት?

መልስ፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርባቸዋል። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በምሽት ዘግይቶ መመንጨት ስለሚጀምር አምሽታ መንቃቷ ሁሉ ከስንፍና ወይም ከእልህ የመጣ አይደለም። ስልኩ ግን የዘገየውን እንቅልፍ ይበልጥ ያዘገየዋል። የሁላችሁም ስልክ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ባለ አንድ ቦታ ይደር፤ የእርስዎም ጭምር። የእሷን ብቻ ሲወስዱባት ቅጣት ይሆናል፤ የሁሉም ሲሆን የቤቱ ሥርዓት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው በቀን በአማካይ የ60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴም ለእንቅልፏ ይረዳታል።

ጥያቄ፦ የልጄ ውጤት ወርዷል። «አንተ እኮ ጎበዝ ነበርክ፤ እንደ እኅትህ ብትሆን ምን ነበረበት» ብዬ ለማበረታታት ሞከርኩ፤ እሱ ግን ጭራሽ ተወው።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል። «ጎበዝ ነበርክ» የተባለ ልጅ ሲወድቅ ጉብዝናው ያለቀ ይመስለዋል። ከእኅቱ ጋር ማወዳደርዎም ውጤቱን አያሳድገውም፤ እኅቱን ያሳጣዋል። ፈተናውን ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡና የት ላይ እንደተሰናከለ እሱ ራሱ ያሳይዎት። ውጤቱ በሁሉም ትምህርት በአንድ ጊዜ ከወረደ ግን ችግሩ የሂሳብ ወይም የቋንቋ አይደለም፤ በልጁ ሕይወት ውስጥ የሆነ ነገር አለና እሱን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ልንለያይ ነው። ለትምህርት ቤቱ መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አዎን፤ ዝርዝሩን ሳይሆን መለያየታችሁን ብቻ። ሐዘን፣ የቤት መቀየርና የወላጅ ሕመምም እንዲሁ ቢነገር መልካም ነው። የማያውቅ መምህር የሚያለቅሰውን ልጅ ይቆጣዋል። ለልጁም በእሱ ጥፋት እንዳልሆነ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ደብተር ላይ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ብጠይቃት ሐሳቡን የማስታውሳት መስሎኝ ፈራሁ።

መልስ፦ እባክዎ ዛሬውኑ ይጠይቋት። ስለዚህ ጉዳይ መጠየቅ ሐሳቡን በልጅ ልብ ውስጥ አይዘራም፤ ብቻዋን የተሸከመችውን እንድታወርደው ነው የሚያግዛት። በጸጥታ፣ ሳይቆጧትና ሳያለቅሱባት «ጽሑፍሽን አይቼ ነው፤ ራስሽን ስለ ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቋት። «አዎ» ካለች «ምን አጎደልንብሽ?» አይበሏት፤ ስለ ነገረችዎ ያመስግኗት፣ ብቻዋን አይተዋት፣ መድኃኒቶችን፣ የተባይ መርዝንና ሌሎች አደገኛ ነገሮችን ከቤት ያርቁ፣ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። «የለም» ብትልም የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይያት፤ ጽሑፉ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ለትምህርት ቤቱ አማካሪም ይንገሩ፤ ሌሊቱን እርስዎ ሲጠብቋት ቀኑን የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ በወላጅ ስብሰባ ላይ ከመምህሩ ጋር የሚኖረኝ ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ውጤቱን ሪፖርት ካርዱ ስለሚነግርዎት ጊዜዎን ለእሱ አያጥፉት። በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚሆን፣ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ፣ ካለፈው ወር ወዲህ በእሱ ላይ የታየ ለውጥ ካለ ይጠይቁ። እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ነገርም አለና አንዱን ለመምህሩ ይንገሩት፦ ጠዋት በምን ዓይነት ሁኔታ ከቤት እንደሚወጣ።