29 ለ 0 ሲመሩ ተኛሁ

ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል ዘንድሮ ሥራ የምትጀምሩ አላችሁ፤ አዲስ አለቃ የመጣባችሁም አትጠፉም። እኔ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው የምኖረው። ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ስለ ኳስ ላውራችሁ። የእኛን ኳስ አይደለም፤ በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኖቹን። ሕጉን ያስተማረኝ ልጄ ነው፤ ግማሹ እስካሁን አይገባኝም።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2022 ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዲዮን ሳንደርስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነባሮቹን ተጫዋቾች ‹የራሴን ሻንጣ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ› ዓይነት ነገር አላቸው። ቪዲዮውን አይቼ ደነገጥኩ። ብዙዎቹ ለቀቁ፤ በምትካቸው በደርዘን የሚቆጠሩ አዲሶች መጡ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ሴፕቴምበር ላይ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን በገዛ ሜዳው 45 ለ 42 አሸነፉ። ያ ቡድን ከጥቂት ወራት በፊት ለዋንጫ የተጫወተ ነው። የአሰልጣኙ ልጅ ሸዱር ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን ለጓደኞቹ የሚወረውረው ማለት ነው። በዚያ ቀን 510 ያርድ ወረወረ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉና እዚህ ኳስ ዓይቶ የማያውቀው ሁሉ ‹ኮሎራዶ! ኮሎራዶ!› ይል ጀመር። እኔም ኮፍያ ገዛሁ።

ኦክቶበር 13፣ ከስታንፎርድ ጋር። እረፍት ሲወጡ 29 ለ 0 እየመሩ ነበር። ‹አለቀ› ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ልጄ ኩሽና ቆሞ፣ ምንም ሳይናገር ስልኩን ዘረጋልኝ። 46 ለ 43፤ በሁለተኛው ጭማሪ ዙር ተሸንፈዋል።

ከኳርተርባኩ ፊት አምስት ግዙፍ ልጆች ይቆማሉ። ኳስ ይዘው አይሮጡም፤ ሥራቸው ጋሻ መሆን ነው። ሲያጠፉ ካልሆነ የሚጠራቸው የለም፣ ያውም በቁጥር። በዚያ ዓመት ጋሻው ሳሳ። ሸዱር ከ50 ጊዜ በላይ መሬት ላይ ተጣለ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፈው በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ጨረሱ።

ይህን ሳይ አንድ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ትዝ አለኝ። አዲስ ኃላፊ መጣ፣ አዲስ ሶፍትዌር፣ ባለ ቀለም ሪፖርት። ጥግ ላይ የምትቀመጥ ሴት ነበረች። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ እያንዳንዱን ክፍያ ከደረሰኙ ጋር ታመሳክራለች። ‹ይህን ማሽን ይሠራዋል› ተባለና ተሸኘች። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ለአንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ከፈልን። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ደረሰኞቹን ሳገላብጥ፣ የእርሳሷ ምልክት የቆመበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ስህተቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቦታ ስትገቡ ጋሻ የሆነው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። ቡና ጋብዙት። አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ እሱን ሳታዩ ሰው አታሰናብቱ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ አሸነፍን ብላችሁ ኮፍያ አትግዙ።

በ2024 እነ ሳንደርስ 9 ጨዋታ አሸነፉ። ከተጫዋቾቻቸው ትራቪስ ሀንተርም ሃይስማንን፣ የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሸለመውን ሽልማት ወሰደ። ልጄ ስለ እሱ አውርቶ አይጠግብም። እኔ ግን በዚያ ዓመት ከጋሻዎቹ በግራ ጫፍ የተሰለፈውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር የማየው። ኳሱ ወዴት እንደሄደ እንኳ አላውቅም። ‹አባዬ፣ ታችዳውኑ አመለጠህ እኮ!› ይለኛል።