ቁልፉን ለማን ልስጥ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ጠያቂዎቹ በትርፍ ሰዓታቸው፣ አምስት ሳንቲም ሳይከፈላቸው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚሠሩ ናቸው። ሁሉም ደክሟቸዋል፤ ማስረከብ ይፈልጋሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ስም ደብቄ አቅርቤያለሁ።

«ጋሼ፣ የአማርኛ መጻፊያ የስልክ ኪቦርድ ለአምስት ዓመት ብቻዬን ስጠብቅ (ሳርምና ሳድስ) ኖሬያለሁ። አሁን ወልጃለሁ። አዲስ ኢሹ (የተጠቃሚ ጥያቄ ወይም የስህተት ጥቆማ) ሲከፈት ሆዴ ይገለበጣል። ብተወው ሰው ምን ይለኛል?» (ከደብረ ማርቆስ)

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ኢሹውን ለጊዜው ተይው። አራስ ቤት ተኝቶ ኢሹ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ሰው ምን እንደሚልሽ ልንገርሽ። ለሁለት ሳምንት «ምነው ጠፋች?» ይላል፤ ከዚያ ሌላ ኪቦርድ ያወርዳል። ማስረከብ ነውር ቢሆን ኖሮ ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ ቀድሞ ያፍር ነበር። ጊትን (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያውን መሣሪያ) የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አብሮት ይሠራ ለነበረው ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበው። አራት ወር እንኳ አልሞላውም! ጊት ግን ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሆነ።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም ደግሞ በ2018 በአንዲት ትንሽ የአጻጻፍ ሕግ የተነሣ ክርክር አንገሸገሸውና ወረደ። ተተኪ አልሾመም፤ «ራሳችሁ ተመካከሩ» ብሎ ነው የሄደው። ወራት ፈጀባቸው፤ በ2019 መጀመሪያ አምስት ሰው ያለበት ምክር ቤት መረጡ። ያንቺ ኪቦርድ ግን ፓይተን አይደለም፤ ጥለሽው ብትሄጂ ምክር ቤት አይሰበሰብለትም። ስለዚህ የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ ሁለት መስመር ጻፊ፦ «ተተኪ እፈልጋለሁ። ከጥር በኋላ ለኢሹ መልስ አልሰጥም።» ቀኑን ቁርጥ አድርጊው። ቀን የሌለው ስንብት ስንብት አይደለም።

«በስም ብቻ የማውቀው ሰው ሦስት ጥሩ ጥሩ ማስተካከያ ላከልኝ። አሁን ‹አንተ ጊዜ የለህም፣ ሙሉ ሥልጣኑን ስጠኝ› ይላል። የማላውቃቸው ሁለት ሌሎች ሰዎችም ‹ስጠው እንጂ፣ ምን አንጠለጠለህ› እያሉ ይወተውቱኛል። ልስጠው?» (ተማሪ፣ ከባህር ዳር)

ኧረ ቆይ! ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ አጨራረሱ አያምርም።

ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጨመቂያ አለ። ትንሽ ነው፤ ግን ሊነክስ ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ለዓመታት የጠበቀው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሰውየው መድከሙን፣ ጤናውም እንዳስቸገረው በግልጽ ጽፏል። በ2021 «ጂያ ታን» የሚባል ሰው መጣ፤ ጥሩ ጥሩ ሥራ ይልክ ጀመር። በ2022 ደግሞ ማንም የማያውቃቸው ስሞች ብቅ ብለው «ሥራው ተጓተተ፣ ለሌላ ልቀቅ» እያሉ ሰውየውን አዋከቡት። እሱም ቀስ በቀስ ለጂያ ታን ሥልጣን ሰጠ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ሪሊዞች (ለሕዝብ የተለቀቁ ቅጂዎች) ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለት ሰርጎ መግቢያ ድብቅ ኮድ፣ ተቀብሮ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ገጽ እስኪከፈት ቡና አፍልተን የምንጠጣ ሰዎች መቼም አናገኘውም ነበር።

ኢቨንት ስትሪም የሚባል የኮድ ፓኬጅ በ2018 የተበላሸበት መንገድ ከዚህም ያጠረ ነው። አንድ ሰው «እኔ ልጠብቀው» ብሎ ኢሜይል ጻፈ፤ ባለቤቱ ሰልችቶት ነበርና ሰጠው። ሰውየው ቢትኮይን የሚሰርቅ ኮድ ከተተበት።

ያንተ ሰው ሌባ ነው አላልኩም። ምናልባት ቀና ልጅ ነው። ግን የሚያስቸኩል ምን አለ? ለዚህ ጉዳይ የጎጃም ቅኔ ቤት ከሲሊከን ቫሊ ይሻላል ባይ ነኝ። ዲማ ይሁን ዋሸራ፣ መምህሩ ወንበሩን ትናንት ለመጣ ተማሪ አይለቅም። ተማሪው መጀመሪያ ይቀኛል፤ ይታረማል። ቆይቶ አስነጋሪ ይሆንና መምህሩ እየሰማ ታናናሾቹን ያርማል። ወንበር የሚታሰበው ከዚያ ወዲያ ነው።

ኮዱ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብም፣ ለዚህ ይመቻል። ፕሮጀክቱን ከግል አካውንትህ አውጥተህ ኦርጋናይዜሽን (የጋራ አካውንት) ውስጥ ካስገባኸው አምስት ደረጃ አለው፦ ሪድ (ማንበብ)፣ ትራያጅ (ኢሹ መለየት)፣ ራይት (ኮድ መጻፍ)፣ ሜንቴይን (ማስተዳደር)፣ አድሚን (ሙሉ ሥልጣን)። ልጁን ትራያጅ ላይ አስቀምጠው፤ ኢሹ ይለይ፣ ይመልስ። ከወራት በኋላ ራይት ስጠው። አንድ ሁለት ሪሊዝ አብራችሁ አውጡ። በቪዲዮ አውራው፤ ፊቱን እይ። አድሚን የመጨረሻው ነው። በዚህ መሀል ተናዶ ከሄደ መልስህን አገኘህ።

ከጎን ሆነው የሚወተውቱትን ሁለቱን ደግሞ «እናንተስ ምን ሠራችሁ?» በላቸው።

«ተተኪ አግኝቻለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ፓስወርዱን ብሰጠው አለቀ አይደል?» (ከፍኖተ ሰላም)

አላለቀም። የራሴን ጉድ ላውራህ።

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ነበረኝ። ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ለአንድ ጎበዝ ልጅ አስረከብኩት። ጊትሃቡን ሰጠሁት፣ ፓስወርዱን ሰጠሁት፣ ተመራርቀን ተለያየን። ዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) ረሳሁት። እኛ አገር እንደተለመደው የዶሜይኑ ክፍያ የሚቆረጠው አሜሪካ ካለች የአክስቴ ልጅ ካርድ ላይ ነበር። የአክስቴ ልጅ ካርድ ቀየረች። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ደግሞ እኔ መክፈት በተውኩት ኢሜይል ነው። አንድ ቀን ልጁ ደወለ፦ «ጋሼ፣ ድረ ገጻችን ላይ ቁማር እያስተዋወቁ ነው።»

እኔ በቁማር ተረፍኩ። ፖሊፊል የሚባለው፣ ድረ ገጾች ኮድ የሚቀዱበት አገልግሎት፣ ዶሜይኑ በ2024 ለሌላ ተሸጠና ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ላይ ተንኮለኛ ኮድ ይረጭ ጀመር። የአካውንትህ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ከሆነ ደግሞ ባሰ። ዶሜይኑን የገዛ ሰው «ፓስወርድ ረሳሁ» ብሎ ቤትህ ይገባል።

ስለዚህ ወረቀት አውጣና ጻፍ። ዶሜይኑን ማን ይከፍላል፣ መቼ? ፓኬጁ የሚለቀቀው በማን አካውንት ነው? ፓይፒአይ (የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ) ላይ ከሆነ ጓደኛህን «ሜንቴይነር» (ጠባቂ) ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ «ኦውነር» (ባለቤት) ካላደረግኸው ሌላ ሰው መጨመር አይችልም። የቴሌግራም ግሩፑ አድሚን ማን ነው? ፓስወርድ ግን አትስጥ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት ይግባ፤ ያንተን ኋላ ታስወጣለህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ላይብረሪዬ ውስጥ ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ብቻ የምትሠራ አንዲት መስመር ነበረች፤ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት ማለት ነው። ልጁ «ትርፍ ናት» ብሎ አጠፋት። ማንም አላወቀም፤ 2015 ዓ.ም. እስኪያልቅ። ጳጉሜን 6 ቀን ፕሮግራሙ አገሩን ሁሉ ቀድሞ «መስከረም 1» አለና እንቁጣጣሽ አከበረ። በልጁ አልፈርድም። ለምን እንደጻፍኳት ጎኗ ላይ አንድ ቃል አላሰፈርኩም፤ ለእኔ ግልጽ ነበረቻ! አንተም ከጓደኛህ ጋር አንድ ቅዳሜ ቁጭ በልና እንግዳ የሚመስለውን ሁሉ «ይቺ ለምንድን ናት?» እያለ ይጠይቅህ። መልስህን እሱ ይጻፈው፤ አንተ ብትጽፈው ግልጽ የመሰለህን ትዘለዋለህ።

«ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። የሠራሁትን የተማሪ ውጤት ማጠናቀሪያ ለአንድ ወጣት አስረከብኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኮዱን ገለባበጠው፤ ስሜንም ከመጀመሪያው ገጽ አነሣው። መብት የለኝም?» (ከዳንግላ)

መምህር፣ መብትዎ ግማሽ ነው። ላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ኤምአይቲ የሚባለው ከሆነ የባለመብትነት ማስታወቂያው፣ ማለት ስምዎ ያለባት መስመር፣ ከላይሰንሱ ፋይል መነሣት የለባትም። ከዚያ አንሥቷት ከሆነ በትሕትና «መልሳት» ይበሉት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ግን ወግ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ወግ ማወቅ ነበረበት፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ኮዱን መገለባበጡን ግን ይተዉለት። ጽዋ ማኅበር ሲጠጡ ጽዋውን ለተረኛው ካስረከቡ በኋላ «ጠላው ቀጠነ» እያሉ አይዞሩም። (እሺ፣ አንዳንዶቻችን እንዞራለን።) ካልቻሉ የድሮውን ኮድ ወስደው በሌላ ስም ይቀጥሉ፤ ፎርክ የተፈቀደው ለዚህ ነው።

«የፊደል ማረሚያ የቃላት ዝርዝር ነበረኝ። አንድ ዓመት ተተኪ ብፈልግ ማንም አልመጣም። ልሰርዘው?» (ከእንጅባራ)

አትሰርዘው! በ2016 አንድ ሰው ተናድዶ ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ቢያነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ቆመዋል። ያንተን ማን እንደሚጠቀምበት አታውቅም።

ጊትሃብ ላይ አርካይቭ አድርገው። ይነበባል፣ ይወሰዳል፤ አይነካም። አናቱ ላይ «ጠባቂ የለውም» ብለህ ጻፍ። ዴቢያን የሚባለውን የሊነክስ ዓይነት የሚያዘጋጁት ሰዎች ጠባቂ ያጣ ፓኬጅን «ወላጅ አልባ» ብለው በዝርዝር ያወጡታል፤ ከዓመት በኋላ መጥቶ የሚያሳድግ አይጠፋም።

ከመዝጋትህ በፊት ግን ላይሰንስ እንዳለው እይ። ላይሰንስ የሌለውን ኮድ ሰው ቢያየውም አሻሽሎ የማሰራጨት ፈቃድ የለውም። አርካይቭ ካደረግኸው በኋላ መጨመር አይቻልም፤ መልሰህ መክፈት ሊኖርብህ ነው። ዛሬ ማታ ጨምረው፤ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።