ይጠይቁ፦ የአፈ ታሪክ ነገሥታትን የሚመረምር ሰው ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነህ? ድሬ ነው የምኖረው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። ስለ አንድ የዌልስ ሰው አነበብኩ። ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም፤ ከሥራው መልስ በአፈ ታሪክ የታወቀው የብሪታንያው ንጉሥ አርተር በእርግጥ ማን እንደነበረ ይመረምራል። እኔም ሐረር ካሉት አያቴ የከተማዋን ቅዱስ የአው አባድርን ታሪክ በስልኬ እየቀዳሁ ነው። ጓደኞቼ «አቦ ተወው፣ ይሄ የዶክተሮች ሥራ ነው» ይሉኛል። ልተወው?
ከሳቢያን

መልስ፦ እንዳትተወው ልጄ! ጀጎል ያለው የሸሪፍ ሙዚየም እኮ በአንድ ሰው የግል ጥረት የተሰበሰበ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው የሚወደውን ታሪክ ክፍተት ከራሱ መሙላት ሲጀምር።

ዌልስ ውስጥ ዮሎ ሞርጋኑግ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1826 ነው የሞተው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ግን እየዞረ የቆዩ የብራና ጽሑፎችን ሲገለብጥ ኖረ። ችግሩ፣ ራሱ የደረሰውንም «ጥንታዊ ነው» እያለ ቀላቀለበት። ሊቃውንት እውነቱን ከፈጠራው ለመለየት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ደከሙ። በጣም ያሳዝነኛል። የበረዘው እንዲያ የሚወዳትን የአገሩን ታሪክ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ጠይቅ፦ ሰውየው ኖረ ከተባለ ከስንት ዓመት በኋላ ተጻፈ? አርተር ብሪታንያን ከወረሩት ከሳክሶኖች ጋር ተዋጋ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ500 ገደማ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው መነኩሴ ጊልዳስ አርተር አሸነፈበት የሚባለውን የባዶንን ጦርነት ያነሳል፤ አርተርን ግን በስም አይጠራም። በ830 ገደማ የተጻፈ የላቲን መጽሐፍ 12 ጦርነት ያሸነፈ የጦር መሪ ያደርገዋል። ዛሬ የምናውቀውን ታላቅ ንጉሥ የሰጠን በ1136 ገደማ የጻፈው የሞንማውዙ ጄፍሪ ነው። ከጥንት መጽሐፍ ቀዳሁ አለ፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አው አባድርንም እንዲሁ መርምር። «ፈትሕ መዲነት ሐረር» የሚባለው የዐረብኛ ጽሑፍ ከ405 ቅዱሳን ጋር መጡ ይላል። በአያትህ ትረካ ውስጥ የጀጎልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ከገቡ ልብ በል፤ እሳቸው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው፤ አው አባድር ግን ከዚያ ብዙ ቀድመው ኖሩ ነው የሚባለው።

የአያትህን ቃል እንደወጣ ጻፍ። እሳቸውስ ከማን ሰሙት? ጠይቃቸው። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገረህ ሁለቱንም ያዝ፤ ላስታርቅ አትበል። የእጅ ጽሑፍ ካገኘህ ደግሞ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ግለጥ፤ ገልባጩ ስሙንና ዓመቱን አስፍሮ ሊሆን ይችላል። ዓመቱ በሂጅራ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሳ። አሁን ግን ጽሑፉ ይቆይህ። ባጃጇን አቁምና ሐረር ውጣ፤ አያትህን አስቀድም።